በጓሳ ረግረግ ዳር

ስለ ውሃ ዳር ወፎች ሲነገር የብዙ ሰው አሳብ ወደ ባሕር ይሄዳል። በሌላው ዓለም ማዕበል የመታው የባሕር ጠረፍ ጸጥ ካለ በኋላ፥ እግረ ረጃጅሞቹ ወፎች ተመልሰው በጭቃው ላይ ሲለቃቅሙ ፎቶግራፍ የሚያነሡ ብዙዎች ናቸው፤ ሥዕላቸውንም በየመጽሔቱ አይተን አድንቀናል። የእኛ አገር ግን ከውሃ ዳር ወፎቿ ብርቅ የሆኑትን ያስቀመጠቻቸው በባሕር ዳር ሳይሆን በተራራ ራስ ላይ ነው። ውርጭ በሚወርድበት፥ ደመና መሬት ለመሬት በሚሄድበት በደጋው ረግረግ የሚኖሩና በሌላ አገር ፈጽሞ የማይገኙ ወፎች አሉን። እነዚህን ለማየትና ቢቻልም ምስላቸውን ይዘን ለመመለስ ስንል፥ የመስቀል በዓል ካለፈ በኋላ በመስከረም መጨረሻ ወደ መንዝ ጓሳ ተጓዝን። ያየነውን ለውድ አንባብያን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ከአዲስ አበባ ተነሥተን 130 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄድን ደብረ ብርሃን ደረስን። ከዚያም ወደ ጣርማ በር አቀናን። በጣርማ በር፥ ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ሸንቁረው ካበጁት ዋሻ ሳንገባ፥ ወደ ሰሜን የሚወስደውን የመንዝን መንገድ ያዝን። ከዚህ በኋላ መንገዱ በገደሉ አፋፍ ላይ ነው የሚሄደው። በስተ ቀኝ ደመናው ሲገለጥ የቆላው ምድር እስከ አፋር ድረስ እንደ ተዘረጋ ምንጣፍ ከታች ይታያል፤ በስተ ግራ የገብስ ማሳ፥ የድንጋይ ካብ፥ ጥቁር ባና የተከናነበ እረኛና የበግ መንጋ ይፈራረቃሉ። ቀኑ ሲመሽ፥ መሐል ሜዳ ከመድረሳችን በፊት፥ ማሳው ድንገት አለቀና ማረሻ ነክቶት የማያውቅ የሚመስል የሣር ምድር ከፊታችን ተዘረጋ። ጓሳ ደረስን።

ጓሳ የቦታውም የሣሩም ስም ነው። ሣሩ ቅጠሉ ቀጭን፥ ጠንካራና ረጅም ሆኖ እየተጎነጎነ በጉብታ በጉብታ ይበቅላል፤ ነፋስ ሲነካው አገሩ ሁሉ እንደ ባሕር ሞገድ ያረግዳል። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን፥ ስፋቱም ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይገመታል። ጅብራው እንደ ምሰሶ ተተክሎ ይታያል፤ አስታውም በየተዳፋቱ ይበቅላል። ጭላዳው በመንጋ ሆኖ ሣር ይግጣል፤ በዓለም ሁሉ ጥቂት መቶ ብቻ የቀረው ቀይ ቀበሮም አይጥ ሲያድን በዚሁ ይታያል። በጉብታዎቹ መካከል ያለው ዝቅተኛ ስፍራ ረግረግ ነው። የክረምቱ ውሃ በዚህ እንደ ሰፍነግ ተመጥጦ ይቈይና በበጋ ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ወደ ምዕራብ የሚፈስሰው ወደ ጀማ ገብቶ ለዓባይ ይገብራል፥ ወደ ምሥራቅ የሚፈስሰው በገደሉ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይወርዳል። እኛ የመጣነው ለዚህ ረግረግ ነበረ።

ይሁን እንጂ ያገኘነው እንደ ጠበቅነው አልነበረም። በማግሥቱ ማለዳ መንገድ እንዲመራን የተሰጠን የጓሳው ጠባቂ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ፥ «በመጥፎ ጊዜ መጣችሁ» አለን። ከአራት ቀን በፊት ከምሥራቅ የመጣ ደመና የዶሮ ዕንቍላል የሚያህል በረዶ እንዳወረደና ተከታትሎም ብርቱ ዝናም እንደ ዘነመ ነገረን። ወደ ረግረጉ ስንወርድም ሁሉን በዓይናችን አየን። ሣሩ በአንድ ወገን ተጋድሞ በጭቃ ተለውሷል፤ የጅብራው ሰፋፊ ቅጠል ተበሳስቶ እንደ ወንፊት ሆኗል፤ ጅረቱም ከአልጋው ወጥቶ የተመለሰ ስለ ነበረ፥ ቅርንጫፍና ደቃቅ ድንጋይ በረግረጉ ዳር እንደ አጥር ተከምሯል። በጥላ ስፍራ የቀረው በረዶ ገና አልቀለጠም ነበር። ወፍ አልታየንም። የምንሰማውም የውሃውን ድምፅ ብቻ ነበር።

ጠባቂው ግን በዚህ አልደነገጠም። «ውሃ ዳር ያለ ፍጥረት እንደ እኛ ቶሎ ተስፋ አይቈርጥም። ተቀመጡና ጠብቁ» ብሎ ከአንድ ቋጥኝ ሥር አስቀመጠን። የፎቶግራፍ መሣሪያችንን በሦስት እግሩ ላይ ተከልን፤ ብርዱ ባትሪውን እንዳያደክመው ትርፉን ባትሪ በጋቢያችን ውስጥ በብብታችን ይዘን ተቀመጥን። ምናልባት አንድ ሰዓት ያህል እንደ ቈየን፥ ከረግረጉ ማዶ ሁለት ወፎች እየጮኹ መጥተው ዐረፉ። ጋጋኖዎች ነበሩ። ረጅምና ቀልማማ መንቈራቸውን በጭቃው ውስጥ እየሰደዱ ትል ያወጡ ጀመር። በረዶው ያበላሸው ጭቃ ለእነርሱ የተዘረጋ ገበታ ሆኖላቸው ነበር።

ከእነርሱም በኋላ ሌሎቹ አንድ በአንድ መጡ። ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ ከነጓደኛው ከሣሩ ውስጥ ወጣ። ይህ ወፍ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም አይገኝም፤ ላባው ለብርድ የተዘጋጀ ወፍራም ነው፤ ሲሄድም ብዙ ጊዜ አንገቱን ወደ ኋላ መልሶ በጀርባው ላይ ያሳርፋል። ጥቂት ቈይቶም፥ ራሱ ጥቁር፥ ደረቱ ነቍጣ ነቍጣ፥ እግሩ ብጫ፥ በዓይኑም ፊት ብጫ ሥጋ የተንጠለጠለበት ወፍ በጅረቱ ዳር ቆመ። ይህም የአገራችን ብቻ ነው። ከዘመዶቹ አንዳንዶቹ በሌላው ዓለም በባሕር ዳርና በወንዝ አፍ ጭቃ ላይ ይኖራሉ፤ እርሱ ግን ደጋውን መርጧል። በእርሱ አጠገብ ከሁሉ ያነሰች አንዲት ወፍ ጅራቷን ወደ ላይና ወደ ታች እያወዛወዘች በውሃው ጠርዝ ትሮጥ ነበር። ይህቺ እንግዳ ናት። የተወለደችው በሰሜን አውሮፓ ወይም በሰሜን እስያ ጫካ፥ በረግረግ አጠገብ ባለ ዛፍ ላይ፥ ሌላ ወፍ ትቶት በሄደ ጎጆ ውስጥ ነው። ክረምቱ ከበረዶ ጋር ሳይደርስባት አገር አቋርጣ ወደ አፍሪካ ትወርዳለች። ከበረዶ ሸሽታ መጥታ፥ በበረዶ ከተመታ ረግረግ ዐረፈች ማለት ነው።

በዚያን ቀን ብዙ ፎቶግራፍ አነሣን። ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ ልናነሣት የመጣንላትን አላገኘናትም። እርሷም ሊቃውንት ሩዤ በሚባል ስም የሚጠሩአት የረግረግ ዶሮ ናት። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር አገር የላትም፤ የደጋው ረግረግ እየታረሰና ከብት እየበዛበት ስለ ሄደ ቍጥሯ እንዳይመነምን የሚሠጉላት ብዙዎች ናቸው። ሆዷ የዛገ ብረት የሚመስል ቀይ፥ ከጅራቷ በታች ያለው ግን ንጹሕ ነጭ ነው፤ ስትራመድ ጅራቷን ቀና ቀና ስለምታደርግ ነጩ ብልጭ ድርግም ይላል። ጎጆዋን የምትሠራው በረግረጉ ሣር ውስጥ ከውሃው አጠገብ ነው። ጠባቂው ከበረዶው በፊት ጥንድ ሆነው ሲመላለሱ አይቷቸው ነበር። «ከዚያ ወዲህ ግን አላየኋቸውም» አለን።

በማታ ጠባቂው ወደ አንድ ሽማግሌ ዘመዱ ቤት ወሰደን። ግድግዳው በመንዝ ልማድ በድንጋይ የተካበ፥ ክዳኑም የጓሳ ሣር ነበረ። ቀኑ ረቡዕ ስለ ሆነ በሶ በጨው በጥብጠው ከጠላ ጋር አቀረቡልን፤ ባናም አለበሱን። በቤቱ ውስጥ ዓይናችን ያረፈበት ሁሉ ከጓሳው የመጣ ነበረ። ገመዱ፥ በመደቡ ላይ የተነጠፈው፥ ከምሰሶው ላይ የተሰቀለውም የዝናም ገሳ ሳይቀር የዚያው ሣር ሥራ ነው።

ስለ በረዶው ብንጠይቃቸው ሽማግሌው ዝም ብለው ቈዩና፥ «ገብሴን ጨርሶታል» አሉ። «እህሉስ ይቅር፥ ልጆቼ ከከተማ ይረዱኛል። ጭዱ ነው የጨነቀኝ። የገብስ ጭድ ከሌለ በሬዎቼ በጥር ምን ይበላሉ? በሬ ከሞተ ደግሞ የሚመጣውም ዓመት የለም።»

«ታዲያ አባት፥ ዘንድሮ ጓሳው ቀደም ብሎ ቢከፈትላችሁ አይሻልምን?» አልን። መልስ ከመስጠታቸው በፊት ግን የቦታውን ታሪክ ለማያውቁ አንባብያን ጥቂት መግለጽ ይገባናል።

ጓሳ ባለቤት የሌለው ዱር አይደለም። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የመንዝ ሰዎች ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አባቶች በፈረስ ሩጫ ምድሩን እንደ ተካፈሉ በአፈ ታሪክ ይነገራል፤ የጌራ ምድር ስም እስከ ዛሬ አለ። ከእነዚህ አባቶች በአጽመ ርስት የሚወለዱት የጓሳው ተካፋዮች ነበሩ። አለቃቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ አጥቢያ ከአጥቢያ ጋር ተማክሮም ጓሳውን ይዘጋል። መዝጋት ማለት ሣር አለማጨድ፥ እንጨት አለመቍረጥ፥ ከብት አለማሰማራት ነው። ይኸውም አንዳንድ ጊዜ እስከ ሦስትና እስከ አምስት ዓመት ይቈይ ነበር። ሣሩ ሲደርስ፥ በጋውም ሲጠና፥ በአንድነት ይከፈታል፤ ዝናሙ ሲመለስ በአንድነት ይዘጋል። የተዘጋውን የደፈረ ብርቱ ቅጣት ይቀጣ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ በታወጀ ጊዜ ግን የርስቱ ሥርዓት ሲያበቃ ቄሮም አብሮ ፈረሰ። አዋጁ መሬት ላልነበረው ገበሬ መሬት ሰጥቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። በጓሳ ላይ ግን የዘጊውና የከፋቹ ሥልጣን ስለ ጠፋ፥ ሁሉም እንደ ፈቀደ ያጭድና ያሰማራ ጀመረ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሕዝቡ በአዲስ መልክ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ፥ ከየቀበሌው ተወካይ መርጦ፥ ጓሳውን እንደ ገና መጠበቅ ያዘ፤ የክልሉም መንግሥት የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ አድርጎ አወቀለት። እንግዲህ ጓሳ በዘመናችን ሁለት ማዕበል አይቷል ማለት ይቻላል፤ አንዱ ከሰማይ የሚወርደው፥ ሁለተኛውም ከሰው እጅ የመጣው ነው።

ሽማግሌው ለጥያቄአችን የመለሱት ከዚህ የተነሣ ነበረ። «ጎረቤቶቼ ይኽንኑ ነገር አንሥተዋል። ሐሰት አልናገርም፥ በመጀመሪያው ቀን እኔም ካነሡት አንዱ ነበርሁ» አሉ። «ነገር ግን ያን ጊዜ፥ ሥርዓቱ ሲፈርስ፥ ጎረምሳ ነበርሁ። ማጭድ ይዘው ከገቡት አንዱ እኔ ነኝ። ከልካይ የለም፥ ብለን ደስ አለን። የመጀመሪያው ዓመት ጥጋብ ነበረ፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ክዳን የሚሆን ሣር ፍለጋ ግማሽ ቀን እንሄድ ጀመር። በበጋ ይፈስስ የነበረው ምንጫችንም ቀጠነ። አሁን ገብሴን የመታው በረዶ ነው፤ ገብስ ደግሞ ለከርሞ ይዘራል። ጓሳውን ያለ ጊዜው ብንገባበት ግን መቺዎቹ እኛ ነን። በረዶው ሁለት ጊዜ ወረደ ማለት ነው።»

«ታዲያ በሬዎቹስ?» አልናቸው።

«ከወንድሜ ጋር ተነጋግረናል። የእርሱን ማሳ በረዶው ስቶታል። ጭዱን እንካፈላለን፤ ጓሳው እስኪከፈት አንዱን በሬ እርሱ ይይዝልኛል። ይበቃል አልልህም። እናየዋለን» አሉ። ባለቤታቸውም ከምድጃው አጠገብ ሆነው፥ «እግዜር ያውቃል» ብለው ነገሩን ዘጉት።

በማግሥቱ ወደ ረግረጉ የተመለስነው ይህን እያሰብን ነበረ። ሰማዩ ጠርቷል፤ በበረዶው ተጋድሞ የነበረው ሣርም አንዳንዱ ከሥሩ ቀና ማለት ጀምሯል። የጓሳ ሣር ሥሩ ጥልቅና የተያያዘ ስለ ሆነ፥ ላይ ላዩ ቢመታም ሥሩ እስካልተነቀለ ድረስ ይመለሳል። በዚያው ቋጥኝ ሥር ተቀመጥን። እስከ አራት ሰዓት ድረስ አዲስ ነገር አልነበረም። ከዚያ ግን ጠባቂው ክንዳችንን ነካ አደረገና በከንፈሩ ወደ ማዶ አመለከተን። ጎርፉ ከከመረው ቅርንጫፍ ሥር ነጭ ነገር ብልጭ አለ፤ ጠፋ፤ ደግሞ ብልጭ አለ። የረግረግ ዶሮዋ ነበረች።

በሩቅ ማሳያው መስተዋት ስናያት ብቻዋን አልነበረችም። ከኋላዋ እንደ ከሰል የጠቈሩ ሁለት ጫጩቶች ይከተሉአታል። እርሷ በጭቃው ውስጥ ትፈልግና አንድ ነገር ይዛ ትቆማለች፤ ጫጩቶቹም ተሽቀዳድመው ከአፏ ይቀበላሉ። በዚያ ሌሊት፥ በረዶው ሲወርድ፥ በክንፏ ሸፍናቸው ይሁን ወይም ከኵሬው ወጥታ ከጅብራው ሥር አስጠግታቸው ይሁን ማንም አላየም። ሌሎች ጫጩቶች ኖረዋት ጠፍተው ይሆናል። ሁለቱ ግን ተርፈዋል።

እዚህ ላይ ድካማችንን እንናዘዛለን። ከነበርንበት ስፍራ የሚነሣው ምስል ትንሽና ደብዛዛ ነበረ። ጅረቱን ብንሻገርና ሠላሳ እርምጃ ያህል ወደ ሣሩ ብንገባ ግን፥ የዓይኗ ብርሃን ሳይቀር የሚታይበት፥ ማንም አይቶ የሚያደንቀው ፎቶግራፍ በእጃችን ነበረ። ይህን ያህል መንገድ የመጣነውም ለእርሱ ነው። ተነሥተን ጫማችንን መፍታት ጀመርን። ጠባቂው አልተቈጣም፤ ነገር ግን፥ «እዚያ ሣሩ ገና ተኝቷል። እናንተ ስትገቡ እርሷ ትሸሻለች፤ ትንንሾቹ ግን እንደ እርሷ መሮጥ አይችሉም። ከላይም ጭልፊት አለ» አለን። ቀና ብለን ብናይ እውነትም ከገደሉ አፋፍ ላይ አንድ ጭልፊት ያንዣብብ ነበር።

ያን ጊዜ የሽማግሌው ነገር ትዝ አለን። እርሳቸው በሬዎቻቸው እየተራቡ ማጭዳቸውን ከግድግዳው ላይ አላነሡም። እኛ ደግሞ የሚጐድልብን አንድ ሥዕል ብቻ ነው። የጓሳን ትምህርት ከመጽሐፍ አንብበን እናውቀው ነበር፤ መዝጋት ምን ማለት እንደ ሆነ የገባን ግን የጫማችንን ማሰሪያ እንደ ገና ባሰርን ጊዜ ነው። የተጎዳ ምድር ከሰው የሚፈልገው ሁልጊዜ ሥራ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ የሚፈልገው ጊዜ ነው፤ ጊዜ መስጠት ደግሞ ማጭድ ለያዘም ሆነ የፎቶግራፍ መሣሪያ ለያዘ ሰው ከሥራ ይልቅ ይከብዳል።

ከነበርንበት ሳንነቃነቅ አሥራ አንድ ጊዜ አነሣናት። ከዚያም ዶሮዋ ጫጩቶቿን አስከትላ ወደ ቆመው ሣር ገባች፤ ጭልፊቱም ወደ ቆላው ወርዶ ከዓይናችን ተሰወረ። ስንመለስ ሽማግሌውን በመንገድ አገኘናቸው፤ ከወንድማቸው ጋር ሆነው አንዱን በሬ እየነዱ ነበር። ባርኔጣችንን አንሥተን እጅ ነሣናቸው፤ እርሳቸውም «በሰላም ግቡ ልጆቼ» ብለው መረቁን።

ቤታችን ከገባን በኋላ ከአሥራ አንዱ ፎቶግራፎች ደኅናውን መርጠን ለልጆቻችን አሳየናቸው። ሥዕሉ ሣር በሣር ነው፤ በመካከሉም የአውራ ጣት ጥፍር የማታህል ቡናማ ነገር አለች። ታናሺቱ ልጃችን ብዙ ጊዜ ተመለከተችና፥ «ወፏን አገኘኋት። ጫጩቶቹስ የት አሉ?» ብላ ጠየቀች።

«በሣሩ ውስጥ ናቸው» አልናት።